ልጃችሁ ሳይመረጥ ቢቀር

ልጃችሁ ለልዩ ትምህርት ቤት ተፈትኖ ሳይመረጥ ቢቀር ምን ትሉታላችሁ? «ሰነፍ ነህ» እንዳትሉት። ይልቅስ ታሪክ ንገሩት።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በዕደ ማርያም የሚባል ትምህርት ቤት ነበረ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጎበዝ ተማሪዎች 12ኛ ክፍልን እዚያ ይማሩ ነበር። ቦታው ጥቂት ነው። ብዙው ሕዝብ ግን እንኳን ለምርጫ ሊቀርብ ፊደልም አልቆጠረም። አእምሮ ስላነሰው ነው? አይደለም! በአካባቢው ትምህርት ቤት ስላልነበረው ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ እናቶችና አባቶች ያለ ምርጫ ገብተው ማንበብ ቻሉ።

የተመረጠውን ልጅ «ጎበዝ! ጓደኛህን ግን አትናቅ» በሉት። ያልተመረጠውን «ቦታው ነው ያነሰው እንጂ አንተ አላነስክም፤ ና፣ አብረን እናንብብ» በሉት። እናንተስ ይኸው እያነበባችሁ አይደል?