ዲሹን ወዴት እናዙረው?

ባለፈው ሰሞን እታለም ከማርቆስ ደወለች። (ታላቅ እህቴ ናት። ማርቆስ ስል ደግሞ ደብረ ማርቆስን ነው፤ የአገሩ ልጅ «ደብረ»ዋን የሚጨምራት ፎርም ሲሞላ ብቻ ነው።) ሰላምታው አለቀ፣ የጤፍ ዋጋ ተነሳ፣ የዝናቡ ነገር ተወራ፣ ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ስማ፣ የዲሹ ነገር ይቁም ወይስ ይቀጥል?»

የሚከፈልበትን ማለቷ ነው። ቤታችን ጣራ ላይ ሁለት ዲሽ አለ። አንዱ በየወሩ ይበላል፤ ሌላው አንዴ ተገዝቶ ዝም ብሎ ያገለግላል። የሚበላውን እኔና እታለም በየተራ እንቀልበዋለን። አባባ ኳስ ያዩበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት አራት ጎረቤት ይመጣል፣ እማዬ ቡና ታፈላለች፣ ቤቱ ይሞላል። ታዲያ ኑሮው እንደምታውቁት ነው፤ ወጪ ሲቆጠር መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርበት ያ ዲሽ ሆነ።

«በነጻው እዩ፣ ምን ቸገራችሁ!» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዋጥኩት። ነገሩ የብር ብቻ አልመሰለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎጃም ከተሞችን ጣራ በሐሳቤ እያየሁ ነው የሰነበትኩት።

ፈረንጆቹ ለዚህ ጉዳይ «ገመድ መቁረጥ» የሚል ስም አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን ለብዙ ቤት በኬብል ይገባል፤ ወርሃዊ ክፍያው ሲንር፣ ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር፣ ሰው ኬብሉን እያቋረጠ ወደ ርካሹ ሄደ። መጀመሪያ ውዱ ነበር፣ ኋላ ርካሹ መጣ። የእኛ ታሪክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። እኛ ዘንድ የሚቆረጥ ገመድም አልነበረም። ርካሹ መንገድ፣ ማለትም ሰው ቤት ሄዶ ማየት፣ ውዱ ከመምጣቱ በፊት ነበረ። ውዱ ሲመጣም ያንኑ ልብስ ለብሶ ነው የኖረው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። በቀለም ማሳየት የጀመረው ደግሞ በ1977 መባቻ፣ ኢሠፓ ሲመሠረት። ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መሐል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ እንደ ሰው ሸለቆ ወርዶ ተራራ አይወጣም፣ ከማማ ማማ መቀባበል አለበት። ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመው ቾቄ ማማ ቢተከል እንኳ ከጀርባው ያለውን ሰፈር ይጋርዳል። ደርሶ ለሚያየውም ሰው ቢሆን ቴሌቪዥን የራስ ዕቃ አልነበረም፤ የሆቴል፣ የቀበሌ አዳራሽ፣ ወይም የአንድ ደህና ጎረቤት ነበር። ትልልቆቹ ሲያወሩ ስሙ፦ «እነ እንትና ቤት አየን» ነው የሚሉት እንጂ «አየን» ብቻ አይሉም። እና ነጻ ነው ያልነውም ነጻ አልነበረም፤ ባለ ቴሌቪዥኑ ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ ነበረበት።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ። ጨለም ያለ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ጎረምሳ። የህንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ ከጎናችሁ ከተቀመጠ አለቀላችሁ፤ ማን እንደሚሞት ሳይሞት ይነግራችኋል። ቪዲዮ ቤት በወላጆች ዘንድ የተረገመ ቦታ ነበር። ያስተማረን ነገር ግን አለ፦ አንድ ማሽን፣ አንድ ካሴት፣ ሃምሳ ተመልካች። ሒሳቡ የሚያዋጣው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ዲኤስቲቪ እዚህ ሒሳብ ላይ ነው የገባው። ባለቤቱ መልቲቾይስ አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ታስቦ የነበረውም አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ክፍያ ተብሎ ነው። የእኛ ከተሞች ግን ሳሎኑን ወደ አዳራሽ ቀየሩት። «ዲኤስቲቪ ቤት» የሚባል ነገር ተወለደ። አንድ ሰው ይከፍላል፣ መቶ ሰው በመግቢያ ይካፈለዋል። በር ላይ ሰሌዳ ይቆማል፤ የዕለቱ ጨዋታዎች በማርከር ተጽፈዋል። እንግሊዞች ሰዓታቸውን ሲያዞሩ ሰሌዳውም ይቀየራል፤ በበጋ ሰዓታቸው 11 ሰዓት የነበረው የቅዳሜ ጨዋታ፣ ጥቅምት ሲጋመስ 12 ሰዓት ይሆናል። ለንደንን በካርታ የማያውቅ ልጅ የለንደንን የሰዓት ለውጥ አብጠርጥሮ ያውቃል።

ብዙ ሰው ዲኤስቲቪ ቤትን የድህነት መፍትሔ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ አይመስለኝም። ቤቱ ዲሽ ያለው ሰው ከፍሎ እዚያ ሲገባ አይቻለሁ። ጎል ሲገባ ብቻውን የሚጮህ ሰው ምን ይባላል? ያው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ወደ ራሳችን ሜዳ መጣ። የዲኤስቲቪው ሱፐርስፖርት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት፣ በ68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ክለቦቹ ገንዘብ አገኙ፣ ጨዋታው በጥሩ ካሜራ ታየ፤ ይሄ መልካም ነው። ግን የጅማንና የሐዋሳን ሜዳ ጨዋታ ማርቆስ ተቀምጦ ለማየት በየወሩ መክፈል፣ ወይም ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ግድ ሆነ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዲሽ፣ ወደማይበላው።

የነጻው ዲሽ ታሪክ የሚነበበው በአቅጣጫው ነው። ለብዙ ዓመታት የከተማችን ዲሾች ወደ ምዕራብ ያዩ ነበር። ናይልሳት የምትቆመው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ፣ ከማርቆስ ሲታይ ፀሐይ ወደምትገባበት ዘወር ማለት ነው። እዚያ የዓረቦቹ ቻናሎች ነበሩ፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤምቢሲ 2 ሌት ተቀን የሆሊውድ ፊልም ይለቃል፣ ኋላም ኤምቢሲ አክሽን ተጨመረ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ፣ ጽሑፉ በዓረብኛ፤ እኛ አንዱን በግማሽ፣ ሌላውን ጭራሽ ሳንችል ስንት ፊልም ጨረስን! እ.ኤ.አ. በ2008 ኢቢኤስ መጣ። በ2008 ዓ.ም. (የኛው 2008) ቃና መጣ፤ የውጭ ድራማ በአማርኛ እያናገረ። የፊልም ባለሙያዎቻችን «ገበያችንን ሊገድል ነው» ብለው ተቃወሙ። ቡና ከድራማው ሰዓት ጋር እንዲገጥም የሚፈላበት ቤት ግን በዛ። ኔትፍሊክስም አገራችንን ከሚያገለግላቸው ተርታ የጨመረን በዚያው ዓመት ነበር፤ ማርቆስ ውስጥ ማን ልብ አለው?

ነጻው ዲሽ ግን የራሱ ጣጣ ነበረበት። በግንቦት 2006 ቢቢሲ፣ ዶቼ ቬለና ፍራንስ 24 በዓረብሳት የሚያስተላልፉት ሥርጭት ሆን ተብሎ መታወኩን፣ የማወኪያው ምንጭም ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑን ገልጸው አወገዙ። በ2009 መጀመሪያ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት በመመሪያ ተከለከለ። ያኔ ጣራ ላይ ያለ ዲሽ ፊቱ ወዴት ነው የሚለው ተራ ጥያቄ አልነበረም። ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ሌላ ነገር ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ትልቁ መዞር ሆነ። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኤስኢኤስ ከሚባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምተው ኢትዮሳት በሚል ስም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደቆመች ሳተላይት ተሰበሰቡ። አገሩ በሙሉ ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ! የዲሽ ሠራተኞች እንደዚያ ዘመን በልተው አያውቁም። ጣራ ላይ አንዱ ይወጣል፣ መስኮት ላይ ልጅ ይቆማል፣ «መጣ! አይ ሄደ! ትንሽ መልስ!» መንደሩ በጩኸት ተሞላ። ዋናው ቁም ነገር ግን ምርጫው ነበር፦ ዲሹ አንድ ከሆነ የአገር ቤቱን ስታገኝ የዓረቦቹን ታጣለህ። ኤምቢሲና ቃና በአንድ ቤት ተፋቱ። ሁለቱንም ያለ ሰው ሌላ ዲሽ ወይም ሌላ ኤልኤንቢ ጨመረ።

ኳስ የጠማው ደግሞ ትንሽ ወደ ጎን ይላል፤ 52.5 ዲግሪ ምሥራቅ። እዚያ የታጂኪስታኑ ቫርዚሽ ትልልቅ ጨዋታዎችን ለአገሩ ሰው ያሳያል፤ የእኛ ልጆች የመክፈቻ ኮዱን በቴሌግራም እየተቀባበሉ ይገቡበታል። ታጂኪስታን የት እንዳለች ጠይቋቸው፣ አያውቁም። የኮሜንታተሩን ድምፅ ግን በእንቅልፍ ልባቸው ይለዩታል። ይሄ መንገድ ለእኛ የተፈቀደ አይደለም፤ ኮዱም በጨዋታው መሐል ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ መቶ ሰው እኩል ያለቅሳል።

እታለም ስትደውል እኔ የምላት ከዚህ ሁሉ በኋላ «ስልክ አለ፣ ኢንተርኔት አለ» ነበር። ነሐሴ 2010 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ ሲቀንስ አብዛኞቻችን «ቴሌቪዥን አለቀለት» ብለን ነበር። ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ ምን የማይገኝ አለ! በሰኔ 2012 አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት ሲቋረጥ «አንድ ጊዜ ነው» አልን። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔቱም ጠፋ። ወደ አንዳንዶቹ የክልሉ ከተሞች መመለስ የጀመረው በሐምሌ 2016 ነው። አንድ ዓመት ሊሞላው!

ያን ዓመት እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ቤተሰቦቼን በቪዲዮ ማየት ቀርቶ ፎቶ መቀበል አልቻልኩም። በተለያዩ የክልሉ ከተሞች ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ ዲኤስቲቪ ቤት መሄድ የማይታሰብበት ጊዜ ነበር። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ በእኛ ሰዓት ሌሊት 4 ወይም 5 ላይ ነው፤ ማን ወጥቶ ያያል? መብራት ባለበት ቀን እነ አባባን ከዓለም ጋር ያገናኛቸው ያ ጣራ ላይ የተቀመጠ ብረት ነበር። እናም በዚያው ሐምሌ 2016፣ በ22ኛው ቀን፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ኢንተርኔቱ መመለስ ሲጀምር፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ ተወደደ።

ስለዚህ «ስንት ብር ይቀንሳል?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ቢሆንም ሁለተኛ መሆን አለበት ባይ ነኝ። የመጀመሪያው «ማን ሊያጠፋብን ይችላል?» ነው። የሚከፈልበትን የወሩ መጨረሻ ያጠፋዋል። ነጻውን ሳተላይቱ ቦታ ሲቀይር፣ ወይም ማወኪያ ሲነሳበት። ስልኩን ኔትወርክ። ኩባንያም ራሱ ይጠፋል፤ ጂቲቪ የሚባለው በአፍሪካ ከዲኤስቲቪ ረክሶ እ.ኤ.አ. በ2007 ተነሳ፣ የእንግሊዝን ኳስ ይዞ ደንበኛ ሰበሰበ፣ በ2009 መጀመሪያ ተዘጋ። ደንበኛው ባዶ ሳጥን ታቅፎ ቀረ። ትልቁም ቢሆን ባለቤት ይቀይራል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ መልቲቾይስን ጠቅልሎ ወስዶታል።

ይሄን ሁሉ ለእታለም በስልክ ተረኩላት። «ጨረስክ?» አለችኝ። «አሁን ይቁም ነው ወይስ አይቁም?»

አንድ ሐሳብ አመጣሁ። ቅዳሜ የሚመጡት ጎረቤቶች ትንሽ ትንሽ ያዋጡ፤ ክፍያው ለአምስት ቢካፈል ከቡናው ወጪ አይበልጥም። እማዬ ከኋላ ሆና ሰማችኝ።

«ቡና ጠጡ ብዬ ጠርቼ ሒሳብ ላውጣባቸው? ቤቴን ዲኤስቲቪ ቤት ልታደርገው ነው?»

ሒሳቤ እዚያው ሞተ። እሷ ልክ ናት፤ ከቪዲዮ ቤት ጀምሮ የቆጠርኩት የመካፈል ታሪክ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ሰው ነበረበት፣ የእኛ ቤት በር ላይ ደግሞ ማንም ቆሞ አያውቅም።

በመጨረሻ የወሰኑት አባባ ናቸው። የሚበላው ዲሽ ይቁም፣ ግን ከጣራ አይውረድ፤ ትልቅ ጨዋታ ያለበት ወር ሲመጣ ይከፈላል። ነጻው እንዳለ ወደ ምሥራቅ ይቆይ፣ የእማዬ ድራማ እንዳይነካ። የቀረውን ቅዳሜ እሳቸው ያውቃሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እታለም ደወለች። አባባ ከእነዚያው ጎረቤቶቻቸው ጋር ሰብሰብ ብለው ዲኤስቲቪ ቤት ሄደው ነበር። ልጆቹ ተነሥተው የፊቱን ወንበር ለቀውላቸዋል። ቤት ሲመለሱ «ድምፁን ምን እንዲህ ያስጮኸዋል፣ ጆሮዬን አደነቆሩት!» እያሉ ሲቆጡ አምሽተው፣ እማዬን ቡና አፍዪ አሏት።