ጭድ፣ እበትና ጋዜጣ፦ ያልተመዘገበው የደጋ ቤት ጥበብ

ጋዜጣ በደጋው አገር ሁለት ዕድሜ ነበረው። መጀመሪያ ይነበባል፤ ከዚያም በዱቄት ሙጫ ከጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው አዲስ ዘመን ያላለበሰው ሳሎን ጥቂት ነው። ከ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለተቆረቆረችው ለባሌዋ ጎባ ግን የወረቀት ጥቅም ከጌጥም በላይ ነበር። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ በግድግዳው ስንጥቅ እንዳይገባ ይከላከላል። የተረፈው ጠርዙ በመቀስ እንደ ጥልፍ እየተቆረጠ ከመደርደሪያ ላይ ይነጠፋል።

በሌላው ዓለም እነዚሁ ሁለት ነገሮች፣ ወረቀትና ሙጫ፣ ራሳቸው የቤት ዕቃ ሆነዋል። የካሽሚር ባለሙያዎች የወረቀት ሊጥ በቅርጽ ላይ እያደረቁ ሣጥንና ሙዳይ ሠርተው በቀለም አስጊጠዋል። በእንግሊዝ የበርሚንግሃሙ ሄንሪ ክሌይ በ1772 እ.አ.አ. ወረቀት በወረቀት ላይ እየለጠፉ በምድጃ በማድረቅ ጠንካራ ሰሌዳ የማውጣት የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከዚያ ሰሌዳ ትሪ፣ የሠረገላ ግድግዳ፣ ጠረጴዛም ወጣ።

እኛ ጋ ወረቀት ዘግይቶ መጣ፤ እንደ ልብም አልተገኘም። ሙያው ግን ነበረ። የወረቀት ቅርጽ ምሥጢሩ ቃጫና ማጣበቂያ ነውና ቃጫው ከጭድ፣ ማጣበቂያው ከጭቃና ከእበት ይገኛል። በአማርኛ ጎታ፣ በኦሮምኛ ጉምቢ የሚባለውን የእህል ማኖሪያ የምትሠራ ሴት መጀመሪያ አፈሩን ከጭድ ጋር ረግጣ ለቀናት ታቦካዋለች። ጭዱ ሲበሰብስ ጭቃው ይያያዛል፤ ሲደርቅም አይሰነጠቅም። ከዚያ ዙሪያውን አንድ እርከን ታነሣለች፤ እስኪጠና ትጠብቃለች፤ ሌላ ትጨምራለች። ችኮላ አይወድም፤ ታችኛው ሳይጠና ላይኛው ከተጫነበት ሆዱ ተዘርግቶ ይወድቃል። በመጨረሻ በእበት ትለቀልቀዋለች። እበት ከብቱ አኝኮና አመስኩቶ ያላመው የሣር ቃጫ ነው፤ የወረቀት ፋብሪካ በመኪና የሚሠራውን ከብቱ በሆዱ ሠርቶታል ማለት ይቻላል። ልቅላቂው ሳይደርቅ በጣት መስመር ይሰመርበታል፤ ጉብ ጉብ ያለ ጌጥ ይወጣለታል። መደቡም ምድጃውም በዚሁ እጅ ያምራሉ። እኔ ይህን ቅርጻ ቅርጽ እላለሁ፤ ሌላ ስም የሚገባው አይመስለኝም።

ሐረር ይህን ጥበብ ወደ ሥርዓት አድርሳዋለች። በሐረሪ ቤት ሳሎን ነደባ የሚባሉት አምስት የመቀመጫ እርከኖች ከቤቱ ጋር አብረው የሚገነቡ ናቸው፤ እያንዳንዱም ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። ቀይ አፈር ይቀባሉ፤ ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ውጊያ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ መሆኑን አዛውንቶቹ ይናገራሉ። ያ ቤት ስለተጻፈለት፣ ፎቶ ስለተነሣ፣ ጎብኚ ስለሚገባበት ዛሬም ይታደሳል።

የባሌዋ ጉምቢ ግን ይህን ዕድል አላገኘችም። ባሌ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ጭድ አልጠፋም። ግን ኮምባይነር አጭዶ የወቃው ምርት በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ የሚከማቸው እያነሰ ሲሄድ ማኖሪያውም አብሮ ያንሳል። መደቡን ሶፋ ተካው። ከሸክላ ሠሪና ከአንጥረኛ ሥራ ይልቅ ይህ የሚጠፋበት ፍጥነት ያሳዝነኛል፤ ጎታ በበር አይወጣምና፣ ለገበያ አይቀርብምና፣ ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። የሠራችው ሴት ስምም አብሮ ይቀራል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ቀይ ቀበሮው ይቆጠራል፣ ጅባራው ይጠናል፤ በዚያው ብርድ ውስጥ ሰው እንዴት ቤቱን እንዳስጌጠም ሊጠና ይገባዋል።

ጭቃና ጭድ ያረጀ ነገር እንዳልሆነ አዲስ አበባ ላይ ታይቷል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መካኒሳ አካባቢ ያቆሙት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ግድግዳዎቹ በጭድ ጭቃ ተነሥተው፣ በእጅ ተጠርበው ጌጥ ለብሰዋል። ከውጭ የሚመጣ እንግዳም ቆሞ ይዳስሳቸዋል።

የባሌዋ ሮቤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አላት። ጎባም ከዚያ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ጉምቢን ለመመዝገብ አንድ የክረምት እረፍት በቂ ነው፦ ተማሪዎች በሲናና፣ በአጋርፋና በዲንሾ ገጠሮች ጉምቢ ያነሡ እናቶችን ፈልገው ልኬቱን፣ የአፈሩን ምርጫ፣ የማቡኪያ ቀኑን ይጻፉ፤ ከዚያም እናቶቹ ተገቢው ዋጋ ተከፍሏቸው በግቢው ውስጥ አንድ ጉምቢ ከነመደቡ ያንሡ፣ ስማቸውም ከጎኑ ይጻፍ።