አንድ ሪሲቨር ለሁለት ቤት

ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ሁለት ቤት እናስተዳድራለን። አንዱ ሐራ ያለው የቤተሰብ ቤት፣ ሌላው ልጆች እንዲማሩበት ወልድያ የተከራየነው ክፍል ነው። ቅዳሜ ወደ ሐራ ስንወርድ ሪሲቨሩን ባረጀ ነጠላ ጠቅልለን መያዝ ለምደናል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ታሪክ አለው።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ባለ ቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነበር። ያኔ ምስሉ የሚመጣው ከምድር ማሠራጫ ስለሆነ ተራራ የጋረደው ቤት ድርሻ አልነበረውም። ይህን የለወጠው ዲሽ ነው። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከምድር ጋር እኩል ይዞራልና፣ ለእኛ አንድ ቦታ የቆመ ያህል ነው። በሐብሩ ብዙው ዲሽ የተገዛው እህቶቻችን ከሳዑዲ በላኩት ገንዘብ ነው። አብዛኛውም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ናይልሳት ዞሮ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና የውጭ ድራማ በአማርኛ ማሳየት ሲጀምር የማታው ቡና ሰዓት ሁሉ ተዛባ (ባሎች እስከ ዛሬ ያማርራሉ)።

በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ተሻገሩ። ዲሻችን ከምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞር፣ አንገቱንም ወደ ሰማይ ይበልጥ ማቅናት ነበረበት። ለባለሙያ ሁለት ቤት ያላት ሁለት ጊዜ ከፈለች።

ሒሳቡ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ሪሲቨር ቤት አይመርጥም፤ ነፃ ጣቢያዎችም ካርድ አይጠይቁም። በሁለቱም ቤት ዲሹ ከነኤል ኤን ቢው ተስተካክሎ ከታሰረ አንድ ሪሲቨር ይበቃል። ዲሹን ነቅሎ ማመላለስ ግን ኪሳራ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ከተዛነፈ ምስሉ ይጠፋል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን ሲይዝ መብራት ጠፋ፤ ዲሹ ዝም አለ፤ ወሬ የምንሰማው በባትሪ ሬዲዮ ነበር። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር የተዘረፈባቸው ብዙ ናቸው። በአንዳንዱ ቤት የተረፈው ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ብቻ ነው።

ለዚህ የሚጠየቅ ብድር ለቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። መዝገቡን የምንይዘው እኛ አንስማማም። መንገድ መዘጋቱን በማታው ዜና የሰማች ነጋዴ ሽንኩርቷን ሳትጭን ታድራለች። በሚቀጥለው ስብሰባ የሚቀርበው ጥያቄም ለሁለተኛ ዲሽ እንጂ ለሁለተኛ ሪሲቨር አይደለም።