በእህቶች ልብስ ላይ የተነሳው ረብሻ፦ የመጋቢት 1960 ታሪክ ለእኛ ዘመን ምን ይላል?



ጠዋት ዊንጌት ላይ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ? ጂልባብ የለበሰች አለች። ጂንስ ለብሳ ሻርፕ ጣል ያደረገች አለች። ነጠላ ያጣፋችም፣ ጸጉሯን ተሠርታ የወጣችም አለች። ወንዱም በየዓይነቱ ለብሶ ቆሟል፤ ስለ እሱ ግን ማንም አያወራም። ወሬው ሁሌ ስለ እሷ ነው። አንዱ "እነዚህን ልጆች ቲክቶክ አበላሻቸው" ይላል። ሌላው ደግሞ የተሸፈነችዋን አይቶ "በዚህ ሙቀት ማን አስገድዷት ነው?" ይላል።

ብዙዎቻችን ይህ ክርክር ትናንት ከስልካችን ጋር የመጣ ይመስለናል። አይደለም። ከዊንጌት ብዙም ሳይርቅ፣ ስድስት ኪሎ ላይ፣ የዛሬ ስድሳ ዓመት ገደማ በሴቶች ልብስ ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ያውቃል። ዛሬ ይህን ታሪክ እናንሳ።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1938 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ስያሜው በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት ከአርበኞች ጎን ለተዋጋው እንግሊዛዊ መኮንን ኦርድ ዊንጌት መታሰቢያ ነው። የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ለሴቶች ደግሞ ከወረራው በፊት የተመሠረተው እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነበረ። ከሁለቱም ወገን ጥሩ ውጤት ያመጡ ልጆች ስድስት ኪሎ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገናኛሉ። ቁጥራቸው ግን አይመጣጠንም፤ ሴቶቹ በጣም ጥቂት ነበሩ።

ዘመኑ የለውጥ ዘመን ነው። ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር መድረክ ላይ ትዘፍናለች። ሚኒስከርት ከተማ ገብቷል። በሌላ በኩል ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ ከወጡ ወዲህ ግቢው በፖለቲካ ግሏል።

በዚህ መሐል መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሴት ተማሪዎች የሚሳተፉበት የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። አብዛኞቹ ወንዶች የሆኑ ተማሪዎች ተቃውሞ ይዘው ወጡ። ገበሬው እየተራበ ፋሽን ማሳየት ቅንጦት ነው፤ የምዕራባውያን ባህል ወረራ ነው፤ እህቶቻችንን እያበላሸ ነው አሉ። ነገሩ በመፈክር አላበቃም። ለትርዒቱ የመጡትን እንግዶችና ሴቶቹን ሰደቡ፣ አዋከቡ፣ እጅም ሰነዘሩ። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ግጭቱ ተባባሰ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ያ ትውልድ ለድሃው የቆመ ትውልድ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችንና አያቶቻችን "የሃይማኖት እኩልነት ይከበር" ብለው አዲስ አበባን ያጥለቀለቀውን ታላቅ ሰልፍ ሲወጡ፣ ሙስሊም ያልሆኑ ወገኖችም አብረው ወጥተዋል። ውለታቸውን አንረሳም። ውለታን ማስታወስ ግን ስህተትን መሸፈን አይደለም።

ስህተታቸው ምን ነበር? ልብ በሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው የሚለብሱት ኮትና ሱሪ ነበር። የሚማሩት በእንግሊዝኛ፣ የሚያነቡት የማርክስንና የሌኒንን መጻሕፍት ነበር። ይህን ሁሉ "የምዕራባውያን ወረራ" ያለው የለም። ወረራው የታየው ቀሚስ ላይ ብቻ ነው። ወንዱ ዘመናዊ ሲሆን "ሠለጠነ" ተባለ፤ ሴቷ ስትሆን "ተበላሸች" ተባለች። የአገር ባህል የመጠበቅ ሸክም በሙሉ በእሷ ትከሻ ላይ ተጣለ።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አልነበረም። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1968 በታንዛኒያ የገዥው ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ሚኒስከርትን፣ ዊግንና የቆዳ ማንጫ ቅባትን የሚከለክል ዘመቻ አወጀ። በዳሬሰላም ጎዳናዎች ላይ ሴቶች ተዋከቡ።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። እ.ኤ.አ. በ1936 የኢራኑ ሬዛ ሻህ "አገር የሚሠለጥነው ሴቶች ሲገለጡ ነው" ብሎ ሒጃብን ከለከለ፤ ፖሊስ በመንገድ ላይ ከእናቶች ራስ ላይ ሻርፕ ገፈፈ። ከ1979 አብዮት በኋላ ደግሞ በዚያው አገር መሸፈን በሕግ ግዴታ ሆነ፤ ፖሊስም ባልሸፈነችው ላይ ዞረ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ሒጃብን ከለከለች። በእኛም አገር በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሒጃብ ለባሽ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተከለከሉ፤ የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ለአገር አቀፍ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን ሲገልጽ ሁላችንም አዝነናል፣ ተቆጥተናል።

ቁጣችን ትክክል ነበር። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ የተቆጣነው ስለ ምን ነው? ልጅቷ ስለተበደለች ነው ወይስ የእኛ ወገን ስለተነካ ብቻ? ስለ ልጅቷ ከሆነ፣ በማግስቱ ዊንጌት ሰልፍ ላይ የቆመችውን ሌላዋን ልጅ በአፋችን ልንገፋት አይገባም። የስድስት ኪሎውም ወጣት፣ የሻሁም ፖሊስ፣ የአክሱሙም ርዕሰ መምህር "ለእሷ ብዬ ነው" ይላል። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

"ታዲያ ዝም እንበል? ምክር ይቅር?" የሚል ወንድም አይጠፋም። አይቅር! ሐያእ የእምነታችን አካል ነው። ነገር ግን ሱረቱ አን-ኑርን ክፈትና ቅደም ተከተሉን ተመልከት። በ31ኛው አንቀጽ ለምእመናን ሴቶች ስለ መሸፈን ከመነገሩ በፊት፣ በ30ኛው አንቀጽ ዓይናቸውን እንዲሰብሩ የታዘዙት ወንዶች ናቸው። እኛ ግን 30ኛውን ዘለን 31ኛውን ለሰው ማንበብ ለመድን። የሰው ልጅ ኮሜንት ሥር ገብቶ የሚሳደብ ወንድም ዓይኑን አልሰበረም፤ ምላሱንም አልሰበሰበም።

እህቴ ሆይ! አንቺም ብትሆኚ የማንም ባንዲራ አይደለሽም። የምትለብሺውን ለምን እንደምትለብሺ አውቀሽ፣ ለጌታሽ ብለሽ ልበሺ። ያኔ ፋሽን ሲቀየርም፣ ሹም ሲቀየርም አትናወጪም።

ወንድሜ ሆይ! ነገ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቅ አፍህ ላይ የመጣውን አስተያየት ከመሰንዘርህ በፊት መጋቢት 1960ን አስታውስ። እነዚያም አገር እያዳኑ መስሏቸው ነበር።

አላህ ማስተዋሉን ይስጠን። ሐሳባችሁን በአደብ አካፍሉን፤ ለወዳጅም ሼር አድርጉ።