ብየዳ

አማርኛችን ሁለት ሥራዎችን «ብየዳ» በሚል አንድ ስም ይጠራል። የብረት በር የሚሠራውም ይበይዳል፤ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውም ይበይዳል። ሥራቸው ግን ይለያያል። በሩ ሲበየድ የሚገጣጠሙት ብረቶች ጠርዝ ራሱ ቀልጦ ይዋሐዳል። በኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ግን የሚቀልጠው በመካከል የሚገባው፣ «ሊድ» የሚባለው ማያያዣ ብቻ ነው። 63 በመቶ ቲን፣ 37 በመቶ እርሳስ ያለው ሊድ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የቦርዱ መዳብ ግን ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ይፈልጋል።

ስለዚህ የቦርድ ብየዳ ትርጉሙ የሚገጣጠሙትን ማቅለጥ ሳይሆን ማያያዝ ነው። የመበየጃው ካውያ መጀመሪያ ቦርዱ ላይ የሚያያዘውን ዕቃ እግርና መዳቡን አንድ ላይ ያሙቅ፤ ሊዱ ከዚያ ይንካቸው። በሚገባ የሞቀ ቦታ ሊዱን ራሱ ይስበዋል፤ በእግሩ ዙሪያ ፈስሶ እንደ ትንሽ ድንኳን ይቆማል። ሳይሞቅ የተጣለ ሊድ ግን እንደ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ይቀራል። የያዘ ይመስላል፣ አልያዘም፤ ሲመቱት የሚናገር፣ ሲተዉት ዝም የሚል ሬዲዮ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው።

«ሊድ» የሚለው ስምም ከእርሳስ የእንግሊዝኛ ስም የመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን ስለገደበ፣ ዛሬ እርሳስ የሌለው «ሊድ» አለ። እርሳስ ያለበትን የምትጠቀሙ፣ በሥራም ሆነ በትርፍ ጊዜ፣ እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።