አሜሪካዊቷ ጂፕ በጣሊያንኛ ስትጠገን

እስቲ አንድ ጥያቄ። ጋራዥ ጎራ ብላችሁ አንዲት አሮጌ ዊሊስ ጂፕ ስትፈታ ብታዩ፣ መኪናዋ የየት አገር ናት? «የአሜሪካ ናታ!» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። አሁን ደግሞ ለመካኒኮቹ ወሬ ጆሯችሁን ስጡ። «ካምቢዮውን አውርደው»፣ «ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል»፣ «ካንዴላዋን ጥረጋት»፣ «ማርሚታው ተበስቷል»… ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፤ አራቱም ጣሊያንኛ ናቸው። አሜሪካዊት መኪና፣ ጣሊያንኛ ስም፣ አበሻ እጅ!

ነገሩ ያስቃል፤ ግን ታሪክ አለው። ታሪኩን ለማየት ደግሞ ከጅማና ከአጋሮ መንገድ የተሻለ ቦታ የለም።

ጣሊያን ጅማን በ1929 ዓ.ም. ያዘ፣ በ1933 ዓ.ም. ለቀቀ። በመሀሉ ጅማን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ሠራ። ወታደሩ ሲሄድ መንገዱና የጋራዡ ቋንቋ ቀሩ። አሜሪካኖቹ ተከተሉ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ባለሙያዎች እገዛ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1945 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ድጋፍ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ተፈረመ። የጂፕ ዘመን ይኸው ነው።

ችግሩ፣ ዊሊስ የተሠራችው ጊቤን አስቦ አይደለም። የጦርነቱ ዊሊስ ሞተር 2.2 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ 60 ፈረስ፣ ያውም በባሕር ወለል ላይ። ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ አየሩ ከሳሳ ይደክማል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ጉልበት ይጠፋል። አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ60ው ፈረስ የሚቀረው 45 አካባቢ ነው። አሥራ አምስቱ ፈረሶች ሳይጫኑ ቀሩ ማለት ነው!

በዚህ ላይ ቡና ጫኑባት። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ደግሞ 350 ገደማ። መንገዱ ጊቤ ላይ እስከ 1,100 ሜትር አካባቢ ቁልቁል ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ዳገቱ ጉልበት ይጠይቃል፤ ቁልቁለቱ ፍሬን ይበላል። ለሁለቱም መልሱ ከባድ ማርሽ ነው።

ፋብሪካው ራሱ ይህን ያወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በጦር ሜዳዋ ጂፕ ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.88 ጊዜ መዞር ነበረበት። ለገበሬ ብለው እ.ኤ.አ. በ1945 ባወጧት ሲጄ-2ኤ ግን ቁጥሩ 5.38 ሆነ። ዳገት ላይ የመጎተት አቅሟ 10 በመቶ ያህል ጨመረ። ነፃ ምሳ ግን የለም፤ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ የነበረች ጂፕ በዚያው የሞተር ዙር 63 ላይ ቀረች። ሌላም ጣጣ አለው፦ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ቁጥር እኩል ካልሆነ፣ አራቱም ጎማ ሲገባ ፊትና ኋላ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ካምቢዮውም ይሰቃያል።

ማርሚታውስ? እዚህ ላይ የዛሬዎቹን ባለ«ቩም» ወዳጆቻችንን ላስቀይም ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጥቀርሻው ማርሚታውን ይደፍነዋል። ታዲያ ማርሚታውን ቆርጦ መጣል መፍትሔ ይመስላል። የተደፈነ ማርሚታ ሲወጣ መኪናዋ በርግጥ ቀለል ይላታል። ጤነኛ ማርሚታ ሲቆረጥ ግን የሚጨምረው በአብዛኛው ጩኸት ነው። የዊሊስ ቫልቮች በሲሊንደሩ ጎን የቆሙ ናቸው፤ ትንፋሿ የሚታነቀው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ነው። የበሽታው መድኃኒት ካርቡራተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ቀዳዳ ለከፍታው ማጥበብ ነበር። ሰፈሩን ያንቀጠቀጠ ሁሉ ዳገት አይወጣም።

ከዚያ ፖለቲካው መጣ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካን ተቋማት ዘጋ። ኡራሉና ኡዋዙ ከሶቪየት ሲጎርፉ አሜሪካዊቷ ጂፕ ዘመድ አልባ ሆነች። ብሎኗ በኢንች፣ መፍቻው በሚሊ ሜትር። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር መፍቻ ይይዘዋል፣ ግን ቀስ በቀስ የብሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። በዚህ ጊዜ «ማሻሻል» የቅንጦት ነገር አልነበረም። ሞተሩ ሲያልቅ የሌላ መኪና ናፍጣ ሞተር ማስገባት ማለት፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያጋጥም ብረት ቀርጾ፣ ፍሪሲዮኑን አስማምቶ፣ ዘንጉን ቆርጦ ወይ አስረዝሞ መበየድ ነው። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ዝግ ብሎ ስለሚዞር፣ ያ ለዳገት የተወደደው 5.38 አሁን እንቅፋት ይሆናል። ስሌቱ እንደገና «ሀ» ተብሎ ይጀመራል። መጽሐፍ የለውም፤ ከመካኒክ ወደ ረዳት በእጅ ይተላለፋል።

ለምን ዛሬ አነሳነው? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ያሉት አሮጌ መኪኖች ለጊዜው የሚኖሩት በእነዚሁ እጆች ነው። አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የላትም፤ ፍሪሲዮንም የላትም። ለአየሩ ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል? ነገር ግን ከማርሚታው ጋር የሚጠፋ እውቀት አለ። መለዋወጫ በሌለበት አገር መኪናን በስሌትና በብየዳ ማኖር ራሱን የቻለ ምህንድስና ነው፤ እኛ ግን «ጋራዥ ነው» ብለን አልፈነዋል።

የንጉሡ አዋጅ ተጽፏል፣ የደርግም አዋጅ ተጽፏል። የአጋሮን ቡና ጊቤን ያሻገሩት መካኒኮች ግን አልተጻፉም። አባቶቹ አርጅተዋል። ጅማ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከካሜራው ጋር ደብተርም ያዙ።