የፈረስ መልክ እንደ ምስክር፦ ከዐረብ የፈረስ መጻሕፍት እስከ በቆጂ ገበያ

በቆጂን ዓለም የሚያውቃት በሯጮቿ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 ደግሞ በአትላንታ የፋጡማ ሮባ ድል ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠችውን ይህችን የአርሲ ከተማ ስመ ጥር አድርጓታል። የከተማዪቱንና የአካባቢዋን የዕለት ኑሮ ሲያስኬድ የኖረው ግን ሌላ ሯጭ ነው፤ ፈረስ። ገብሱና ስንዴው ከገጠር ወደ ገበያ፣ ሰውም ከመንደር ወደ አውራ ጎዳና ሲደርስ የኖረው በፈረስ ጀርባና በጋሪ ነው። ፈረሱ በገበያ የሚታወቀው በመልኩ ነው፦ ዳማው፣ ጉራቻው፣ ቦራው፣ አምባላዩ፣ ቡላው ይባላል። መልኩ ስሙ ነው፤ ሲሸጥም፣ ሲጠፋም፣ ሲሰረቅም የሚጠራበት መታወቂያው እርሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ የፈረስ መልክ ለታሪክ ጸሐፊና ለዳኛ ምን ያህል መመስከር ይችላል? መልሱን ከሦስት ወገን እንፈልጋለን፤ ከቀደምት የዐረብ ሊቃውንት መጻሕፍት፣ ከአንድ የታወቀ ሐዲሥና ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ከተገኘው የዘረመል ዕውቀት።

የአርሲ ከፍታና የፈረስ ክብር

በአካባቢው የፈረስ ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1349 ያረፈው ኢብን ፈድሉላህ አል-ዑመሪ በሐበሻ የነበሩትን ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ሲገልጽ ኃይላቸውን በተለይ በፈረሰኛ ቁጥር ይለካል። ለሀዲያ 40,000፣ ለባሌ 18,000፣ ለኢፋት 15,000፣ ለሻርኻ 3,000 ፈረሰኛ ይሰጣል። አል-ዑመሪ አገራችንን በዐይኑ አላየም፤ የጻፈው ከሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ የሰማውን ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን እንደ ቆጠራ ውጤት አንቀበላቸውም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስረዱናል፤ በዛሬው አርሲ፣ ባሌና አካባቢያቸው የአንድ ግዛት ክብደት የሚመዘነው በፈረስ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ሺሃቡዲን አሕመድ ቢን ዐብዱልቃዲር ፉቱሕ አል-ሐበሻን ሲጽፍም በኢማም አሕመድ ዘመቻዎች ውስጥ ፈረስ ከየምዕራፉ አይጠፋም።

ይህ የፈረስ ዘመን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 በጦርና በፈረስ የተከላከለው የአርሲ ሕዝብ በራስ ዳርጌ የተመራውን ጠመንጃ የታጠቀ ሠራዊት ገጥሞ በ1886 በአዙሌ ተሸነፈ። በዚያው ዘመን መሪዎች በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዛው የጅማው ሙስሊም ንጉሥም በታሪክ የሚታወቀው አባ ጅፋር በሚለው የፈረስ ስሙ ነው። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ፈረስን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ጉዳይ እንደነበረ ግልጽ ነው።

ጋማና ጭራ

በሒጅራ ሁለተኛው ምእት ዓመት ማብቂያና በሦስተኛው መባቻ በኢራቅ የኖሩት አል-አስመዒና አቡ ዑበይዳ ስለ ፈረስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የዘመናቸው ሰው ሂሻም ኢብን አል-ከልቢም የታወቁ ፈረሶችን የዘር ሐረግ አጠናቅሯል። በእነዚህና በመሰል መጻሕፍት ጥቁሩ ፈረስ አድሀም፣ የነጣው አሽሀብ ይባላል። የግንባር ነጭ ጉርራ፣ የእግር ነጭ ያለበት ሙሐጀል ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ቀያዮቹን የሚለዩበት መንገድ ነው። ገላው የቀላ ፈረስ ጋማውና ጭራው ጥቁር ከሆነ ኩመይት ነው፤ ጋማውና ጭራውም እንደ ገላው ከቀላ አሽቀር ነው። በአማርኛ «ዳማ» የሚለው ቃል በተለምዶ ሁለቱንም ያቅፋል። ዐረቦቹ ግን በመካከላቸው ድንበር አበጁ።

ይህ ድንበር በተፈጥሮ ውስጥም አለ። የፈረስ ጠጉር መሠረታዊ ቀለሞች ሁለት ናቸው፤ ጥቁርና ቀይ። እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን ኡፕሳላ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ኤምሲ1አር የተባለው ዘረመል ጥቁር ቀለም እንዲሠራ ወይም እንዳይሠራ እንደሚወስን አሳዩ። ውርንጭላው ከእናቱም ከአባቱም የማይሠራውን ቅጂ ከወረሰ ጥቁር ቀለም በጠጉሩ ላይ አይገኝም፤ ከጋማው እስከ ጭራው ይቀላል። አሽቀር የሚባለው ይህ ነው። በ2001 ደግሞ አጉቲ የተባለው ዘረመል ሚና ተገለጠ። ይህ ዘረመል የተሠራውን ጥቁር ቀለም ወደ ጋማ፣ ወደ ጭራና ወደ እግር ይገፋዋል፤ ኩመይት የሚገኘው በዚህ ነው። አጉቲው በሁለቱም ቅጂ ሲከሽፍ ጥቁሩ መላ ገላውን ይሸፍነዋል፤ ጉራቻም ይሆናል። እንግዲህ አል-አስመዒና ጓደኞቹ ጋማና ጭራ እያዩ የለዩት መልክ ከአሥራ አንድ ምእት ዓመታት በኋላ በቤተ ሙከራ ከተለየው ጋር ገጠመ።

ይህን መግጠም እንደ ተአምር አንቆጥረውም። የእረኛና የፈረሰኛ ትዕግሥት የተሞላበት ምልከታ ውጤት ነው። ሱረቱ ፋጢር በ27ኛውና በ28ኛው አንቀጽ የተራራን፣ የሰውንና የእንስሳን የቀለም ልዩነት ከዕውቀት ጋር አያይዞ ሲያነሣ የሚጠራን ወደዚሁ ማስተዋል ይመስለናል።

ሥር የሳበው

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲሥ የጉዳያችን እምብርት ነው። ከበኒ ፈዛራ ወገን የሆነ ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደ ወለደችለት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገራቸው፤ ነገሩም ጥርጣሬ ነበረበት። ግመሎች እንዳሉት፣ መልካቸውም ምን እንደ ሆነ ጠየቁት፤ ቀይ ናቸው አለ። ከመካከላቸው አመድማ ይኖር እንደ ሆነ ሲጠይቁትም አዎን አለ። ያ ከየት መጣ ቢሉት ምናልባት የቀደመ ሥር ስቦት ይሆናል ሲል መለሰ። ልጅህንም እንዲሁ ሥር ስቦት ይሆናል አሉት።

«ዒርቅ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ሥርም ደም ሥርም ማለት ነው፤ ግሡም መሳብን ያመለክታል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት ወዲያው ይመጣበታል። የሐዲሡ ፍሬ ግን ከቃል ውበት ያልፋል። በመልክ አለመመሳሰል ብቻ የአንዲት ሴት ክብርና የአንድ ልጅ ዘር ሊነካ ነበር። ሊቃውንቱ ከዚህ የወሰዱት ሕግ ግልጽ ነው፤ የመልክ ልዩነት ብቻውን ልጅን ለመካድ ማስረጃ አይሆንም። ነቢዩ ሰውየውን በባዕድ ነገር አልሞገቱትም፤ በራሱ በረት በሚያውቀው ነገር አስረዱት። የአርሲ ሰው ቢሆን ኖሮ ምሳሌው ፈረስ በሆነ ነበር ብንል አንሳሳትም።

የዘረመል ሥሌቱም ይህንኑ ያሳያል። ጋማቸው የጠቆረ ሁለት ዳማዎች ይዳቀሉ እንበል። ሁለቱም ጥቁር የማይሠራውን የኤምሲ1አር ቅጂ በድብቅ ተሸክመው ሊሆን ይችላል፤ በመልካቸው ላይ ግን ምንም አይታይም። ከአራት ውርንጭሎች አንዱ እስከ ጋማው የቀላ የመሆን ዕድል አለው። ባዝራዋ ከሌላ ድንጉላ አልወለደችም፤ ከትውልድ በፊት የተቀበረ ሥር ነው የሳበው።

መልክ የሚያስረዳውና የማያስረዳው

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። አንድ ሰው ባዝራውን ለሌላው በእርቢ አካፋይነት ሰጠ እንበል። ውርንጭላዋ ተወለደች፤ መልኳ ከእናቷም አብሮ ከዋለው ድንጉላም የማይገጥም ሆነ። ባለቤቱ «ተለውጣብኛለች» ቢል፣ ሽማግሌዎቹ በምን ይዳኛሉ?

አንደኛ፣ ወላጆቹ ጥቁር ጋማ ያላቸው ዳማዎች ሆነው ውርንጭላዋ ብትቀላ ወይም ብትጠቁር ይህ ክህደትን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ወላጆች እስከ ጋማቸው የቀሉ ሆነው ውርንጭላዋ ጉራቻ ብትሆን ግን ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ ጥቁር የሚሠራ ቅጂ የሌላቸው ወላጆች ጥቁር ማውረስ አይችሉም። ሦስተኛው የአምባላይ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎቹ አምባላዮች ነጭ ሆነው አይወለዱም። ጠቁረው ወይም ዳማ ሆነው ተወልደው በየዓመቱ ይነጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው ኡፕሳላ በተሠራ ጥናት የዚህ ምክንያት ኤስቲኤክስ17 በተባለው ዘረመል ውስጥ ያለ ድግግሞሽ መሆኑ ታወቀ። ገዢ ስለሆነ ከአንድ ወላጅ መውረሱ ይበቃል፤ ስለዚህ ለአምባላይ ከወላጆቹ ቢያንስ አንዱ የዚሁ ዘር መሆን አለበት። ነገር ግን ያ ወላጅ ገና ያልነጣ ወጣት ሊሆን እንደሚችል ዳኛው መርሳት የለበትም። ይኸው ዘረመል በቆዳ ላይ ዕጢ የማብዛት ጠባይ አለው፤ ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው አምባላዮች አብዛኞቹ ይታይባቸዋል። በነጭነቱ የተደነቀው ፈረስ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መርሕ አንድ ነው፤ መልክ አንዳንድ ጊዜ ለማስተባበል ይበቃል፤ ለማረጋገጥ ግን ብቻውን ከቶ አይበቃም። የሻፊዒ መዝሀብ ፉቀሃእ ዋጋው ቀድሞ ተከፍሎ እንስሳው በኋላ በሚቀርብበት የሰለም ውል ዓይነቱ፣ ጾታው፣ ዕድሜውና መልኩ አብረው እንዲጠቀሱ የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም። ዕድሜ ያልተጻፈበት «ጥቁር ፈረስ» ከስምንት ዓመት በኋላ ነጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የታሪክ ጸሐፊም ከዚህ ይማራል፤ በአንድ ሰነድ ጥቁር፣ ዘግይቶ በተጻፈ ሌላ ሰነድ ነጭ ተብሎ የተገለጸ የአንድ መኮንን ፈረስ የግድ ሁለት ፈረስ አይደለም።

ቲርሚዚይ ከአቡ ቀታዳ በዘገቡት ሐዲሥ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁር ፈረስ ተመስግኗል፤ በእኛ አነጋገር ጉራቻ ቦራ ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲሥም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡመታቸውን በትንሣኤ ቀን በውዱእ ብርሃን እንደሚለዩ ሲያስረዱ፣ ግንባራቸውና እግራቸው የነጣ ፈረሶች ያሉት ሰው ከጥቁሮቹ መካከል ለይቶ እንደሚያውቃቸው አድርገው መስለውታል። ምሳሌው ልብ የሚነካው ፈረሱን በመልኩ የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ ነው።

እዚህ ላይ ሥጋታችንን እንገልጻለን። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የላቀ የፈረስ ብዛት አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም የባሌን፣ የሰላሌን፣ የቦረናንና የኩንዱዶን ፈረሶች ጨምሮ ስምንት ዓይነት ለይቷል። በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የወተት ላሞችን የማዳቀል ሥራ ጀምሮ ነበር። የፈረስ የዘር መዝገብ ግን ዛሬም በአብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች ትዝታና በመልክ ስሞች ውስጥ ነው። ጋሪው ለባጃጅ ቦታውን በለቀቀ ቁጥር እነዚያ ስሞችም ይለቃሉ።

ስለዚህ በየመስጊዱና በየመድረሳው የቆዩ የሽያጭ፣ የውርስና የወቅፍ ጽሑፎችን የሚያጠኑ ወንድሞችና እኅቶች የፈረስ መልክ ሲያገኙ እንዳያልፉት አደራ እንላለን። ቃሉን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በዐረብኛም እንደ ተጻፈ ይመዝግቡት፤ ዕድሜውን፣ የጋማውንና የጭራውን ቀለም፣ የግንባሩንና የእግሩን ነጭ አብረው ይጻፉ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉም ዳማን ከዳማ በምን እንደሚለዩ ይጠይቋቸው። ሥሩ የሚታወቀው የሳበውን የሚያስተውል ሲኖር ነውና። ወላሁ አዕለም።